የሽንት ፒሲአር ክሌም ለምን ይመለሳል? ከዲናያል ኮዱ ወደ መነሻው

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች የጤና መድን፣ ለአንድ ተራ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ መለየት)፣ በኮድ 87086፣ የሚከፍለው 8 ዶላር ከ07 ሳንቲም ነው። ተህዋሲን በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤውን በማባዛት፣ ለመለየት የሚያገለግለው 87798 ደግሞ ለአንድ ተህዋሲ 35 ዶላር ከ09 ሳንቲም ያስከፍላል። አንድ ላብራቶሪ ከአንድ ኩባያ ሽንት 20 ተህዋሲ ፈልጎ 87798ን 20 ጊዜ ቢቆጥር ሂሳቡ 701 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። የኢንሹራንስ ከፋዮች በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ፓነል (ብዙ ተህዋሲ በአንዴ የሚፈልግ ምርመራ) ላይ ዓይናቸውን ያፈጠጡት ለዚህ ነው። ብዙው ዲናያል (የክፍያ ክልከላ) የሚወለደውም ቢሊንግ ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ማዘዣው ሲሞላ ወይም ላብራቶሪው ምርመራውን ሲስተሙ ላይ ሲያዋቅር ነው። ክሌሙን፣ ማለትም የክፍያ ጥያቄውን፣ ደጋግሞ መላክ ብቻውን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ በቢሊንግና በኮዲንግ ለሚሠሩ ነው። የኮዶቹን ፊደላት በአማርኛ አጻጻፍ አስቀምጠናቸዋል፤ ሲስተሙ ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ማንበብ

“ክሌሙ ተመለሰ” ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ ሪጀክሽን ነው፤ ክሊሪንግሀውሱ (ክሌም አስተላላፊው ድርጅት) ወይም የከፋዩ መግቢያ ላይ የቀረ፣ ማንም ገና ያላየው ክሌም። ይግባኝ የለውም፤ ታርሞ እንደገና ይላካል። ሌላው ዲናያል ነው፤ ታይቶ የተከለከለ።

በዲናያል ላይ ሲኦ የሚለው መነሻ ሂሳቡን ላብራቶሪው ራሱ ይሸከማል ማለት ነው፤ ፒአር ከሆነ ታካሚው ላይ ይወርዳል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የተከለከለበትን ጥቅል ምክንያት ይናገራል። ዝርዝሩን የሚያብራራው ብዙውን ጊዜ ከጎኑ ያለው፣ በኤን ወይም በኤምኤ የሚጀምረው ኮድ ነው። ሲኦ-16ን ብቻ አይቶ ወደ ሥራ መግባት ጊዜ ማባከን ነው፤ “መረጃ ጎድሏል” ከማለት ሌላ የሚነግረው ነገር የለም።

ኤምኤ130 ካዩ ይግባኝ አይጻፉ። ክሌሙ ያልተሟላ ስለሆነ የይግባኝ መብት እንደሌለው፣ ታርሞ እንደ አዲስ መላክ እንዳለበት የሚገልጽ ኮድ ነው። ይግባኝ ጽፎ መልስ የሚጠብቅ ሰው፣ የሜዲኬር የአንድ ዓመት የማስገቢያ ጊዜ ከናሙናው ቀን ጀምሮ እየቆጠረበት መሆኑን ይረሳል።

ዩኒቱ በዛ፦ ሲኦ-97፣ ሲኦ-236፣ ሲኦ-151፣ ኤን362

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ 87798 ከ10 በላይ ዩኒት (የተቆጠረበት ብዛት) ሆኖ ተልኳል፤ ወይም 87798፣ 87481 (ካንዲዳ)፣ 87640 (ስታፍ ኦሬየስ) እና 87653 (ግሩፕ ቢ ስትሬፕ) እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ተደርድረዋል። ከፋዩ በሲኦ-97 ክፍያው በሌላ ሥራ ውስጥ ተጠቃሏል ይላል፤ ወይም ሲኦ-236 ብሎ “እነዚህ ኮዶች በአንድ ቀን አብረው አይሄዱም” ይላል፤ ወይም በሲኦ-151 መረጃው ይህን ያህል ብዛት አይደግፍም ይላል፤ ወይም በኤን362 ዩኒቱ ከተፈቀደው ጣሪያ እንዳለፈ ይገልጻል።

መነሻው የቆጠራ አለመግባባት ነው። የሲፒቲ (የሕክምና ሥራ ኮዶች) መጽሐፍ ለየተህዋሲው የተለየ ውጤት ከወጣ ለየብቻው ኮድ ማድረግን ይፈቅዳል፤ ላብራቶሪዎች የሚይዙት ይህን ነው። ከፋዮች ግን አንድ ናሙና፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ሩጫ ያያሉ፤ ስለዚህ እንደ አንድ ፓነል ይቆጥሩታል። በዚህ ክርክር ላብራቶሪው የመጽሐፉን ገጽ ጠቅሶ ብዙ ጊዜ አያሸንፍም፤ የሚገዛው የከፋዩ የክፍያ ፖሊሲ ነው።

አስተካካዩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። በመጀመሪያ ላብራቶሪው ለራሱ ምርመራ የተሰጠ ፒኤልኤ ኮድ እንዳለው ይጠይቅ፤ አራት ቁጥር ኖሮት በዩ የሚያልቅ ኮድ ነው። ካለ ከሌሎቹ ኮዶች ሁሉ ይቀድማል፤ የሚላከውም አንድ ዩኒት ነው። ለምሳሌ 0321ዩ 20 ባክቴሪያና ፈንገስ ከ16 የመድኃኒት መቋቋሚያ ጂኖች ጋር የሚፈልግ አንድ የተወሰነ ምርመራን ይገልጻል። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት አለ፦ “የእኛም 20 ተህዋሲ ነው” ብሎ የሌላ ላብራቶሪ ፒኤልኤ ኮድ መዋስ። ፒኤልኤ የአንድ ላብራቶሪ ወይም የአንድ አምራች ምርመራ ስም ነው፤ የቁጥር መመሳሰል አይበቃም።

ፒኤልኤ ከሌለ የከፋዩን ፖሊሲ ያውጡ። ብዙ የግል ኢንሹራንሶች ፓነሉን በ87801፣ በአንድ ዩኒት ይጠይቃሉ፤ ኮዱ በርካታ ተህዋስያንን በአምፕሊፋይድ ፕሮብ (ዲኤንኤን በሚያባዛ ዘዴ) መለየት ማለት ነው። የሜዲኬር ታሪፉ 70 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። 87801 ከተላከ በኋላ በዚያው ናሙና ላይ 87798 መጨመር ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

ጂኖቹን በተመለከተ 87798 የሚቆጥረው ተህዋሲን ነው። ሲቲኤክስ-ኤም ወይም ኬፒሲ የመድኃኒት መቋቋሚያ ጂን ነው እንጂ ተህዋሲ አይደለም፤ ስለዚህ 12 ተህዋሲና 8 ጂን ተደምሮ 20 ዩኒት መሆን የለበትም። ለቫንኮማይሲን መቋቋም 87500፣ ለኤምአርኤስኤ (ሜቲሲሊንን ለሚቋቋም ስታፍ ኦሬየስ) 87641 የየራሳቸው ኮድ አላቸው፤ ለሌሎቹ ግን የተህዋሲ ኮድ መበደር አይቻልም። 87150ም መውጫ ቀዳዳ አይሆንም፤ እሱ ካልቸር ላይ አድጎ የተለየ ባክቴሪያን ለመለየት ነው፤ በቀጥታ ከሽንት ለተሠራ ፒሲአር አይሆንም።

በኮዱ ላይ ስለሚታከለው ምልክት፣ ስለ ሞዲፋየር 59 (“የተለየ ሥራ ነው”)፣ አንድ ቃል፦ ሁለቱ ሥራዎች በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ፣ የተዘጋን በር ለመክፈት ብቻ የገባ 59 በኦዲት ጊዜ የመጀመሪያው የሚታይ ነገር ነው። ሞዲፋየር 91ም እንዲሁ ነው፤ በዚያው ቀን ለሕክምና ሲባል ለተደገመ ምርመራ ነው እንጂ ማሽኑ ስላልሠራ ወይም ውጤቱን ለማረጋገጥ ለተደገመ አይደለም።

ክለሳው ባለፉት ወራት በስህተት ተከፋፍሎ የተከፈለ ገንዘብ ካሳየ፣ ሜዲኬር ትርፍ ክፍያ ከታወቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ይጠይቃል። ይህን ለአለቃ መንገር ደስ አይልም፤ ግን ከዝምታው ይሻላል።

ያው ምርመራ ሲልቨር ስፕሪንግና ዉድብሪጅ

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚሠራ ኮደር በቀላሉ የሚወድቅበት ነገር ነው። ሜዲኬር የላብራቶሪ ክሌም የሚያስተናግደው ምርመራው በተሠራበት ቦታ ባለው ኮንትራክተር (ሜዲኬር ክሌም እንዲያስተናግድለት የቀጠረው ድርጅት) ነው፤ ታካሚው በሚኖርበት አይደለም። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ እንዲሁም ከቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ካውንቲዎች በኖቪታስ ሥር ናቸው። የቀረው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅን ጨምሮ፣ በፓልሜቶ ጂቢኤ ሥር ነው፤ ፓልሜቶ ደግሞ ሞልዲኤክስ የተባለውን የሞለኪውላር ምርመራዎች ፕሮግራም ይመራል። ኖሪዲያን፣ ሲጂኤስ እና ደብሊውፒኤስ የተባሉት ኮንትራክተሮችም በሞልዲኤክስ ይሠራሉ። ስለዚህ ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ላብራቶሪ የተቀዳ የቢሊንግ አሠራር፣ ድርጅቱ ማሽኑን ዉድብሪጅ ሲተክል ሳይቀየር ከቀጠለ ክሌሞቹ በጅምላ ይመለሳሉ።

በሞልዲኤክስ አካባቢ ምርመራው ዲኤክስ በተባለው የምርመራዎች መዝገብ ተመዝግቦ ዜድ-ኮድ ማግኘት አለበት፤ በዜድ የሚጀምር ባለ 5 ፊደልና ቁጥር መለያ ነው። (ከአይሲዲ፣ ማለትም ከዲያግኖሲስ ኮዶቹ፣ የዜድ ኮዶች ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው።) በኤሌክትሮኒክ ክሌም ላይ ኤስቪ101-7 ውስጥ፣ በወረቀት ደግሞ ሳጥን 19 ላይ ይገባል። ከዜድ-ኮዱ ጋር የሚላከው የሲፒቲ ኮድ ምርመራው ሲመዘገብ ከተሰጠው ኮድ ጋር አንድ መሆን አለበት። በአንድ ናሙና ላይ የተሠራው ፓነል አንድ አገልግሎት ተብሎ ይቆጠራል፤ መከፋፈል አይፈቀድም።

ላብራቶሪው ተህዋሲ ጨምሮ ፓነሉን ከቀየረ የድሮው ዜድ-ኮድ ያንን ምርመራ አይገልጽም። ቴክኒሺያኑ ለውጡን ለቢሊንግ ካልነገረ ስህተቱ ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። የምርመራ ዝርዝሩ በተቀየረ ቁጥር ቢሊንግ ክፍሉ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ቅጽ ማዘጋጀት ይህን ይዘጋዋል።

“አስፈላጊ አልነበረም”፦ ሲኦ-50 ከኤን115 ጋር፣ ሲኦ-11

ሲኦ-50 ማለት ከፋዩ ምርመራው ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑን አልተቀበለም ማለት ነው። ኤን115 ከታከለበት ውሳኔው የተመሠረተው በአካባቢው የሽፋን ፖሊሲ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይግባኝ ከመጻፍ በፊት ያንን ፖሊሲ ከፍቶ የተፈቀዱትን ዲያግኖሲስ ኮዶችና ሁኔታዎች ማንበብ ይገባል። ሞልዲኤክስ ከ5 በላይ ተህዋሲ የሚፈልግን ፓነል ሰፊ ፓነል ይለዋል። ለሽንት የሚፈቅደውም ምልክት ላለበትና ለውስብስብ ችግር ለተጋለጠ ታካሚ ነው፤ በዕድሜ ለገፋ፣ ኢንፌክሽኑ ለሚመላለስበት፣ የሽንት ቧንቧው አወቃቀር ችግር ላለበት ወይም በዩሮሎጂ ክሊኒክ ለሚታይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንቷ ላቃጠላት ጤነኛ የ25 ዓመት ወጣት ሰፊ ፓነል ቢታዘዝ፣ ኮዱ ምንም ያህል ቢያምር ክርክሩ ከባድ ነው።

ከፋዮች ለምን እንዲህ ይጠነቀቃሉ? ፒሲአር እጅግ ስሱ ነው፤ በሽታ ሳያስከትል በፊኛ ውስጥ የሚኖርን፣ አልፎ ተርፎ የሞተን ባክቴሪያ ዲኤንኤ ያነሳል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ ምልክት የሌለበትን ሰው ሽንት መመርመርን አይደግፍም፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችና የሽንት ቧንቧን ሊያደማ የሚችል የዩሮሎጂ ሥራ የሚጠብቃቸው ግን ይለያሉ። ስለዚህ “ሽንቱ ጠቆረ”፣ “ሸተተ” የሚል የነርስ ማስታወሻ ብቻውን አያቆምም። የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያካትት ቋሚ ትዕዛዝ ደግሞ ዲናያል ብቻ ሆኖ ቢያበቃ ዕድለኛ ናችሁ፤ ምርመራ ያስከትላል።

በኮዱ በኩል የሚታረሙት እነዚህ ናቸው። ሐኪሙ “ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል” ወይም “ለማጣራት” ብሎ ከጻፈ ኤን39.0 (የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን) አይሰጥም፤ በአውትፔሸንት (በተመላላሽ ሕክምና) የሚጠረጠር በሽታ ኮድ አይደረግም። የሚሰጠው ምልክቱ ነው፦ ሲሸኑ ማቃጠል አር30.0፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት አር35.0፣ ሽንት ማጣደፍ አር39.15። ሐኪሙ የፊኛ ኢንፌክሽን ብሎ ከወሰነ ኮዱ ከኤን30 ቤተሰብ ነው፤ ኤን39.0ን አብሮ መጨመር አይቻልም፣ አንዱ ሌላውን ያስቀራል። ቀደም ሲል ተደጋግሞ የያዘው ሰው ላይ ዜድ87.440 ታሪኩን ይናገራል፤ ግን ከምልክቱ ቀጥሎ እንጂ ብቻውን ወይም ቀድሞ አይቆምም።

ትልቁ ፈተና ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው። ኢ. ኮላይ ፖዘቲቭ ስለሆነ ላብራቶሪው ራሱ ኤን39.0 እና ቢ96.20 ብሎ መለወጥ አይችልም። ላብራቶሪው የሚጠቀመው ያዘዘው ሐኪም የሰጠውን ዲያግኖሲስ ነው። ኮዱ ከጎደለ ወይም ካልበቃ ሐኪሙ ቢሮ ተደውሎ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ መልሱ ቀኑና ፈራሚው ታውቆ ይቀመጣል። “የሚከፈለው ይሄ ኮድ ነው፣ ይሄን ጻፉልን” የሚል ጥያቄ ግን አይላክም፤ የሚጠየቀው ቻርቱ (የታካሚው የሕክምና መዝገብ) ላይ ያለው ነው።

ዲያግኖሲሱ ትክክል ሆኖ ሳጥን 24ኢ ላይ ጠቋሚው ወደ ተሳሳተው መስመር ስለሚያመላክት ብቻ ሲኦ-11 (ዲያግኖሲሱ ከምርመራው ጋር አይጣጣምም) የሚመጣበት ጊዜም አለ። ስኳር በሽታውን የሚጠቁም ፊደል በሽንት ፓነሉ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ይህ ይግባኝ አያስፈልገውም፤ እርማት ይበቃዋል።

ይግባኝ የሚያስፈልገው ሲሆን፣ ኦሪጅናል ሜዲኬር (መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠው) ለመጀመሪያው ደረጃ ከውሳኔው ጀምሮ 120 ቀን፣ ለሁለተኛው 180 ቀን ይሰጣል። ከደብዳቤው ጋር የሚሄዱት የጉብኝቱ ማስታወሻ፣ ማዘዣው፣ ናሙና የተወሰደበት ቀን ያለበት ውጤትና የቀድሞ ካልቸር ውጤቶች ናቸው። ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል ከተባለ በ6 ወር 2 ወይም በአንድ ዓመት 3 ጊዜ መያዙን ቀኖቹ ያሳዩ። ውጤቱ ሕክምናውን እንዴት እንደቀየረ የሚል አንድ መስመር የሐኪም ማስታወሻ ከሦስት ገጽ የላብራቶሪ ብሮሹር ይበልጣል። የማዘዣው ወረቀት ላይ ፊርማ ባይኖርም ሜዲኬር ለላብራቶሪ ምርመራ አይጥለውም፤ ሐኪሙ ምርመራውን እንዳሰበ የሚገልጽና የተፈረመ ማስታወሻ ቻርቱ ውስጥ ከሌለ ግን ምንም የሚከራከሩበት የለም።

ካልቸርና ፒሲአር በአንድ ቀን አብረው ሲሄዱ ከፋዩ አንዱን ድግግሞሽ ሊለው ይችላል። ሐኪሙ “መጀመሪያ ይሄ፣ ውጤቱ እንዲህ ከሆነ ያኛው” ብሎ ካዘዘ ቅደም ተከተሉ ማዘዣው ላይ ይጻፍ። ሁለቱንም በአንዴ ከፈለገ ምክንያቱ ቻርቱ ላይ ይኑር።

የላብራቶሪው ፈቃድ፦ ሲኦ-ቢ7፣ ኤምኤ120

ክሊያ የላብራቶሪዎች የፌዴራል ፈቃድ ነው፤ ኤምኤ120 ቁጥሩ እንደጎደለ ወይም እንደተሳሳተ ይናገራል። የክሊያ ቁጥር 10 ሆሄ ነው፤ ሦስተኛው ዲ ነው። በወረቀት ሳጥን 23፣ በኤሌክትሮኒክ ሉፕ 2300 ውስጥ ሬፍ ኤክስ4 ላይ ይገባል፤ “ክሊያ” የሚለውን ቃል ወይም ሰረዝ አብረው አያስገቡ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሲኦ-ቢ7 (በዚያ ቀን ለዚህ ሥራ ፈቃድ አልነበረም) ከመጣ ሁለት ነገር ይታያል፦ ፈቃዱ ናሙናው በተወሰደበት ቀን ጸንቶ ነበር ወይ? ባክቴሪዮሎጂስ በፈቃዱ ውስጥ ተካቷል ወይ? ላብራቶሪው ቀድሞ ለኬሚስትሪ ብቻ ተፈቅዶለት በኋላ ፒሲአር ከጨመረ ይህ ክፍተት ይፈጠራል። ቀላል ምርመራ ብቻ እንዲሠራ የተፈቀደለት የሐኪም ቢሮ የሽንት ፒሲአር ፓነል ሠርቶ ማስከፈል አይችልም፤ የቀላል ምርመራ ምልክት የሆነውን ኪውደብሊው ሞዲፋየር መለጠፍም አያድነውም።

ናሙናው ለሌላ ላብራቶሪ ከተላለፈ ሞዲፋየር 90 እና የሠሪው ላብራቶሪ የክሊያ ቁጥር ይገባሉ። ናሙና ወስዶ ብቻ የላከ የሐኪም ክሊኒክ ግን ምርመራውን ለሜዲኬር ማስከፈል አይችልም።

ያዘዘው ሐኪም፦ ሲኦ-16 ከኤን264 ወይም ኤን265

ኤን264 ስሙ፣ ኤን265 ቁጥሩ ጎድሏል ወይም ተሳስቷል ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የግሩፑ ኤንፒአይ (የአገልግሎት ሰጪ መለያ ቁጥር) በግለሰቡ ቦታ ገብቶ ነው። ሳጥን 17 ላይ ዲኬ (“ያዘዘው” ማለት ነው)፣ ቀጥሎ ስሙ፣ 17ቢ ላይ የግለሰቡ ኤንፒአይ። ስሙ ፒኮስ (የሜዲኬር የአገልግሎት ሰጪዎች መዝገብ) ላይ እንደተመዘገበው ፊደል በፊደል መሆን አለበት፤ ማዕረግ አይጨመርም። ሐኪሙ ፒኮስ ላይ ከሌለ ላብራቶሪው የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ ሐኪሙ ራሱ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ አዲስ ክሊኒክ ደንበኛ ሲሆን የሁሉንም ሐኪሞች ኤንፒአይ በመጀመሪያው ሳምንት ማጣራት ያዋጣል።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለ ታካሚ፦ ኮድ 190

ታካሚው በሜዲኬር ፓርት ኤ (የተኝቶ ሕክምና ሽፋን) ተሸፍኖ ተቋሙ ውስጥ ከተኛ፣ የላብራቶሪው ዋጋ ለተቋሙ በሚከፈለው ውስጥ ተጠቃሏል። ላብራቶሪው ሜዲኬርን ሳይሆን ተቋሙን ነው የሚያስከፍለው፤ ለዚህም ቀድሞ የተፈረመ ውል ያስፈልጋል። የሚታየው ናሙናው የተወሰደበት ቀን ነው፤ ምርመራው የተሠራበት ወይም ውጤቱ የወጣበት ቀን አይደለም። ፓርት ኤ ካለቀ በኋላ እዚያው የሚኖር ሰው ግን በፓርት ቢ (የተመላላሽ ሕክምና ሽፋን) ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሽፋኑን በየናሙናው ቀን ማጣራት እንጂ “ይህ ሰው የነርሲንግ ሆም ነው” ብሎ መፈረጅ አይሠራም።

በአጭሩ የሚያልፉት

ሲኦ-18 ድግግሞሽ ነው፤ እንደገና ከመላክ በፊት የመጀመሪያው ክሌም ምን እንደሆነ ይዩ። ሲኦ-29 ጊዜው አልፏል፤ የክሊሪንግሀውሱ የተቀባይነት ሪፖርት ካለ ብቻ ይከራከሩበት። ሲኦ-22 ሌላ ኢንሹራንስ ይቀድማል። ሲኦ-197 ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀም። ሲኦ-252 ሰነድ ይፈልጋል። የሜዲኬር ኮንትራክተር ክሌሙን ከመክፈሉ በፊት መዝገብ ከጠየቀ 45 ቀን ነው ያለዎት፤ ሰነዱ ሐኪሙ ጋ ስለሆነ ጥያቄው በደረሰበት ቀን ይደውሉ።

ታካሚው ቢል ሲደርሰው

በኦሪጅናል ሜዲኬር ለተሸፈነ የላብራቶሪ ምርመራ ታካሚው ዲዳክቲብልም (ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው) ሆነ የ20 በመቶ ድርሻ አይከፍልም። ስለዚህ ታካሚው “ቢል መጣብኝ” ብሎ ከደወለ ወይ ኢንሹራንሱ ሌላ ነው፣ ወይ ሲኦ የነበረው ሂሳብ በስህተት ወደ እሱ ተዛውሯል።

ሲኦ-50 የሆነን ሂሳብ ታካሚው ላይ ለማውረድ የሚቻለው ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ኤቢኤን፣ ማለትም ሜዲኬር ላይከፍል እንደሚችል ለታካሚው የሚያሳውቀው ሲኤምኤስ-አር-131 ቅጽ፣ ከተፈረመ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ የምርመራው ስም፣ ሜዲኬር ላይከፍል የሚችልበት ምክንያትና ግምታዊ ዋጋው መኖር አለባቸው። ያኔ ክሌሙ በጂኤ ሞዲፋየር ይሄዳል፣ ዲናያሉም በፒአር ይመለሳል። ዲናያል ከመጣ በኋላ የሚፈረም ኤቢኤን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለሚመጣ ሰው ሁሉ በጅምላ የሚፈረመውም ዋጋ የለውም። ቅጹ ካልተፈረመና እንደማይከፈል ከታወቀ የሚገባው ጂዜድ ነው፤ በራሱ ሲኦ-50 ሆኖ ይመለሳል፣ ላብራቶሪውም ይሸከመዋል።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ላላቸው ኤቢኤን አይሠራም። እዚያ ሐኪሙ ወይም ታካሚው ከምርመራው በፊት ከፕላኑ የሽፋን ውሳኔ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የውሳኔው ቁጥርም ከማዘዣው ጋር ወደ ላብራቶሪው ይላካል።